አንኮበር፤ ከነገሥታት መዲናነት እስከ ገበሬዎች የገበያ ከተማነት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚያመራው መንገድ፣ የገብስና የባቄላ ማሳ እየሰነጠቀ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ድንገት ከገደል አፋፍ ላይ ያደርሳል። ሰማይ በጠራ ቀን ከዚህ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው፣ ከተራራው ግርጌ ጀምሮ እስከ አዋሽ ሸለቆና እስከ አፋር በረሓ የተዘረጋው ቆላ ወለል ብሎ ይታየዋል። ጉም ከቆላው በተነሳ ቀን ግን እንኳን በረሓው የገዛ ጎረቤት ቤትም አይታይም።

በዚህ ገደላማ ቦታ ላይ የሰፈረችው አነስተኛ የገጠር ከተማ አንኮበር ናት። ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የአንኮበር ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚገኙባት ጎረቤላ የምትባለው የከተማዋ ክፍል ስትሆን፣ የቀድሞው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያለበት ኮረብታ ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ በዝግባና በጥድ ተከቦ ይታያል። ከተማዋ ስትታይ ትንሽ ናት። ይሁንና ከመቶ ዓመት በላይ የሸዋ ገዥዎች መቀመጫ ሆና የኖረች፣ ከባሕር ማዶ የመጡ መልእክተኞች ደጅ የጠኑባት፣ ኋላም መንገድና ገበያ ሲሸሿት ያነሰች ከተማ መሆኗን ስንቱ ያውቃል? የአንኮበር ታሪክ ለገጠር ልማት መሪ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለው። ምክንያቱም ከተማዋ የተነሳችውም ሆነ የወደቀችው በመሬቱ፣ በውሃው፣ በመንገዱና በገበያው ምክንያት ነውና።

የመሬቱ አቀማመጥና የአየሩ ጠባይ

የአንኮበር ወረዳ መሬት እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። በስተምዕራብ ያለው ከፍተኛ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ውርጭ የሚወርድበት፣ ገብስ ካልሆነ ብዙ ዓይነት እህል የማይበቅልበት ደጋ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ተልባ የሚዘሩበት መካከለኛ ክፍል ይገኛል። ከዚያ በታች ጤፍ፣ ቀጥሎም ማሽላና ማሾ የሚበቅሉበት ወይና ደጋና ቆላ ይከተላል። አንድ ሰው ማለዳ ብርድ እያንቀጠቀጠው ከደጋው ቢነሳ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ላቡን እየጠረገ ከማሽላ ማሳ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ይህ አፋፍ የውሃ መለያ መሆኑም መታወቅ አለበት። በስተምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ እንደ በሬሳና ጫጫ በመሳሰሉ ወንዞች ተሰብስቦ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ አባይ ይገባል። በስተምሥራቅ በኩል ያለው ግን አይራራን በመሳሰሉ ወንዞች ወደ ቆላ ወርዶ በአዋሽ አማካይነት አፋር በረሓ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በአንኮበር አፋፍ ላይ በጥቂት እርምጃ ልዩነት የሚወርዱ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ ሜዲቴራኒያን ባሕርን፣ ሌላው የበረሓ ሐይቅን መድረሻቸው ያደርጋሉ ማለት ነው።

በዝናብም በኩል ሁለት ወቅቶች አሉ። ዋናው ክረምት ሲሆን፣ ሁለተኛው በልግ ነው። በደጋው ክፍል ያለው ገበሬ በክረምት ብርድና የውሃ መተኛት ስለሚያስቸግረው የበልግ ገብስን አጥብቆ ይጠብቃል። በልግ ከቀረ ደጋው ይራባል። ክረምቱ ቶሎ ከወጣ ደግሞ የቆላው ማሽላ ሳያሽት ይቀራል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት የችግር ወራት መኖራቸው፣ የደጋውና የቆላው ሰው በገበያ እየተገናኘ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ አድርጎታል። የአንኮበር ገበያ መሠረቱ ይህ ነው።

«በር» የሚለው ስም

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው «አንኮ» ከምትባል የጥንት ባላባት ሴትና «በር» ከሚለው ቃል እንደሆነ ሽማግሌዎች ያወሳሉ። አንኮ ማን እንደነበረች የሚነገረው ልዩ ልዩ ቢሆንም «በር» የሚለው ግን ከቦታው ጠባይ ጋር የሚስማማ ነው። ከደጋው ወደ ቆላ፣ ከቆላውም ወደ ባሕር የሚያወርደው መተላለፊያ በዚህ በኩል ስለነበር፣ በሩን የያዘ ሁሉ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠር ነበር።

በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ሸዋን ይገዙ የነበሩት መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ መቀመጫቸውን አንኮበር ላይ አደረጉ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት የሸዋ ገዥዎች በመንዝና በይፋት ልዩ ልዩ ቦታዎች ይቀመጡ ነበር። አንኮበር ግን ለመከላከልም፣ ግብር ለመሰብሰብም፣ ንግድ ለመቆጣጠርም ከሌሎቹ ሁሉ የተመቸች ሆና ተገኘች። ከእርሳቸው በኋላ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን የሸዋን አስተዳደር አጠናከሩ። ቀጥለውም ራስ ወሰን ሰገድ፣ ከዚያም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነገሡ።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ከሁሉ የበለጠ የታወቀችበት ዘመን ነበር። ቤተ መንግሥቱ በሾጣጣው ኮረብታ አናት ላይ ሆኖ በጠንካራ የእንጨት አጥር ዙሪያውን የታጠረ ነበር። የሕዝቡ የሣር ክዳን ቤቶች ደግሞ ከኮረብታው ጎን እስከ ሸለቆው ተበትነው ይታዩ ነበር። መድኃኔ ዓለምን፣ ቅዱስ ሚካኤልንና ቅድስት ማርያምን የመሳሰሉ አብያተ ክርስቲያናትም በከተማዋ ይገኙ ነበር። ንጉሡ ከአንኮበር ሌላ በደጋው ላይ አንጎለላ የምትባል ሁለተኛ ከተማ አቋቁመው ጊዜያቸውን በሁለቱ መካከል ያሳልፉ ነበር። ኋላ አፄ ምኒልክ የተባሉት የልጅ ልጃቸው በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚችው አንጎለላ ነው።

የውጭ አገር ሰዎችም ወደ አንኮበር መምጣት የጀመሩት በዚህ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. ገብቶ እስከ 1834 ዓ.ም. ቆየ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በ1832 ዓ.ም. ደረሰ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በሻምበል ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ቡድን መጥቶ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ሃሪስ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ ሸዋ የጻፈው መጽሐፍ በሦስት ቅጽ ታትሟል። ዛሬ ስለ ጥንቷ አንኮበር ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው እነዚህ ተጓዦች ከተዉት ጽሑፍ ነው።

የአልዩ አምባ ገበያ

ንጉሡ ከላይ፣ ገበያው ከታች ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ የምትገኘው አልዩ አምባ በየሳምንቱ ዓርብ የምትቆም ታላቅ የገበያ ቦታ ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነስተው የአፋርን በረሓ በግመል ያቋረጡ ነጋዴዎች ፋሬ በምትባለው መግቢያ ላይ ቀረጥ ይከፍላሉ። ከዚያም ጨው፣ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና ልዩ ልዩ ዕቃ ይዘው ወደ አልዩ አምባ ይወጣሉ። ከደጋው ደግሞ እህል፣ ማር፣ ቡና፣ በቅሎና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነበር።

በገበያው ላይ አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና ከሐረር የመጣው ነጋዴ ይገናኝ ነበር። በተለይ በገደሉ ወገብ የሚኖሩት አርጎባዎች በንግድ፣ በሽመናና በእርሻ የታወቁ ሲሆኑ፣ በደጋውና በቆላው መካከል እንደ ድልድይ ሆነው አገልግለዋል። አልዩ አምባ እስከ ዛሬም የአርጎባዎች መኖሪያና የገበያ ቦታ ናት።

የዚያን ዘመን ንግድ ሲነሳ ግን ክፉውም ጎን መታለፍ የለበትም። በዚያው መንገድ ላይ ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ሰዎች እንደ ዕቃ ተሸጠው ወደ ባሕሩ ይነዱ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ከዚህ ንግድ ቀረጥ ያገኝ ነበር። የከተማዋ ብልጽግና ከፊሉ በዚህ በደል ላይ የቆመ እንደነበር መካድ አይቻልም።

ወፍጮውና ጎተራው

በጊዜው የነበሩ ተጓዦች ከጻፏቸው ነገሮች ውስጥ ለገጠር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ግን የወፍጮው ታሪክ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ አንድ ባለሙያ በወንዝ ውሃ የሚዞር ወፍጮ በአንኮበር ሠርቶ ነበር። ውሃው ከዳገት በኃይል የሚወርድበት አገር በመሆኑ ቦታው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ካህናት «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ስላወገዙት፣ ወፍጮው ብዙም ሳይሠራ እንዲቆም ተደረገ።

ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ከሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጀምራ እየፈጨች ለቤተሰብ እንጀራ የምታደርስ እናት ድካሟ ሊቀልላት የሚችልበት መሣሪያ ከደጃፏ ቆሞ ሳለ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ እንድትጠብቅ ተፈረደባት ማለት ነው። ዛሬ የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስለገባ ነገሩ የተረሳ ይመስላል። ግን አዲስ አሠራር ወደ መንደር ሲመጣ ማን እንደሚወስን፣ የሚጠቀመውም ሰው ተጠይቆ እንደሆነ ማሰብ ዛሬም የሚያስፈልግ ነው። ለወፍጮው የተፈረደው በማይፈጩት ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጎተራ ነው። ነገሥታቱ በአንኮበርና በአካባቢው ትልልቅ የእህል ጎተራዎች ነበሯቸው። ጎተራው የሚሞላው ከሁዳድ እርሻና ከግብር ነበር። ገበሬው በራሱ በሬና በራሱ ጉልበት የንጉሡን ሁዳድ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። በአንጻሩ በ1820ዎቹ ዓ.ም. በሸዋ ድርቅና ረኃብ በደረሰ ጊዜ ከንጉሡ ጎተራ ለተራቡ ሰዎች እህል ይታደል እንደነበር ይነገራል። ገበሬው ያስገባው እህል በችግር ቀን መመለሱ መልካም ቢሆንም፣ መመለሱ የሚወሰነው ግን በባለ ጎተራው ፈቃድ ነበር። ዛሬ በኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሠራው የእህል መጋዘን ከዚያ የሚለየው ቁልፉ በገበሬው እጅ በመሆኑ ነው። ቁልፉ በእጁ ካልሆነ ግን ልዩነቱ በስም ብቻ ይቀራል።

መዲናነቱ ሲቀር

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ጊዜ በሕመም ሞቱ። ገና ልጅ የነበሩት ምኒልክም ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲደርሱ አንኮበር እንደገና የንጉሥ መቀመጫ ሆነች።

በ1869 ዓ.ም. አካባቢ ንጉሥ ምኒልክ ለኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር አጥኚዎች ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለ ቦታ ሰጧቸው። አጥኚዎቹ በዚያ ሆነው የአካባቢውን እንስሳትና ዕፅዋት ይሰበስቡ፣ የአየሩንም ጠባይ ይመዘግቡ ነበር። መሪያቸው የነበረው አንቲኖሪ በነሐሴ ወር 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ ተቀበረ።

ይሁንና በዚያው ዘመን የምኒልክ ግዛት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ ስለሄደ አንኮበር ከመካከል ይልቅ ዳር ላይ የቀረች ሆነች። ንጉሡ በመጀመሪያ በደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳለችው ልቼ፣ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ ሄዱ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መኳንንቱ፣ ወታደሩና የእጅ ባለሙያው ንጉሡን ተከትሎ ስለሄደ አንኮበር ባዶ ቤቶች የበዙባት ከተማ ሆነች።

በዚህ ላይ ክፉ ቀን ተጨመረ። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከውጭ ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ (ደስታ በሽታ) በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። አብዛኛው በሬ አለቀ። ማረሻ የሚጎትት ስለጠፋ፣ ድርቅና አንበጣም ስለተጨመረ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ረኃብ ሕዝቡን ፈጀው። ሰው ያለ በሬ እንዲቆፍር ለማበረታታት አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይታወሳል። ይህ በሽታ ከብዙ ዓመታት የክትባት ዘመቻ በኋላ ከመላው ዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። በሬ ያለ ክትባት የቀረ እንደሆነ ምን ሊደርስ እንደሚችል ክፉ ቀን አስተምሮ አልፏል።

መንገዱ በሌላ በኩል ሲያልፍ

አንኮበር «በር» የነበረችው የግመል መንገድ እስካለ ድረስ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከባሕር የሚመጣው ዕቃ የአንኮበርን ዳገት መውጣቱ ቀረ። ጨዉም፣ ጨርቁም፣ ብረቱም በባቡር ገባ። ፋሬ ላይ ይከፈል የነበረው ቀረጥ ቆመ፤ የአልዩ አምባም የዓርብ ገበያ የአካባቢው ገበያ ብቻ ሆነ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣልያ ወረራ ዘመን የሰሜን ሸዋ ገደሎችና ዋሻዎች ለአርበኞች መጠጊያ ሆነዋል። ራስ አበበ አረጋይን የመሳሰሉ መሪዎች ጠላትን በዚህ አገር ተዋግተዋል። ገበሬው ስንቅ በማቀበልና ልጁን በማዝመት የትግሉ ተካፋይ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ወራሪው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድ በጣርማ በር ዋሻ በኩል በደብረ ሲና አሳልፎ ሠራ። ጣርማ በር ከአንኮበር በስተሰሜን የሚገኝ ሌላ በር ነው። ከዚያ ወዲህ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው መኪና ሁሉ በዚያ በኩል ስለሆነ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ሲያድጉ አንኮበር ወደ ዳር ተገፋች።

በዚህ ዓይነት ከተማዋ ሦስት ጊዜ በሯን አጣች ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ንጉሡ ሄደ፤ ቀጥሎ የባሕሩ ንግድ ሄደ፤ በመጨረሻም የመኪናው መንገድ በሌላ በኩል አለፈ። ሳይሄድ የቀረው ገበሬው ነው። ዛሬ ከተማዋ የምትኖረው በዚህ ገበሬ ነው። የደጋው ሰው ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና የባሕር ዛፍ እንጨት፣ የቆላው ሰው ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ ይዞ ይመጣል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ የጤና ድርጅትና ሱቆችም የሚያገለግሉት ይህንኑ ሕዝብ ነው። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድም ቁልቁል በአልዩ አምባ በኩል ወደ አዋሽ አቅጣጫ ስለሚወርድ፣ የጥንቱ የበር ነገር ጨርሶ አልጠፋም።

መሬቱ የማን ነበር? የማንስ ሆነ?

በአንኮበር ዙሪያ መሬቱ ለብዙ ዘመን የርስት፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመንግሥት ሁዳድና የመደሪያ መሬት እየተባለ ተከፋፍሎ ይያዝ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ ሽሮ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ800 ሄክታር ወይም በ20 ጋሻ መሬት ላይም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ማኅበሩ መሬት እንዲያከፋፍል፣ ክርክር እንዲዳኝ፣ አፈርና ውሃ እንዲጠበቅ እንዲያደርግ ኃላፊነት ተሰጠው።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአስተዳደሩ ሥራ ወደ ቀበሌ ቢተላለፍም፣ በገጠር ሰው አፍ ቀበሌው እስከ ዛሬ «የገበሬ ማኅበር» ይባላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። ስሙ በደብተር ላይ የሰፈረ ገበሬ ነገ መሬቱ ለሌላ ይሰጥብኛል የሚለው ስጋቱ ስለሚቀንስ ዛፍ ለመትከልና ካብ ለመካብ ልቡ ይነሳሳል። ደብተር ግን አፈርን አያቆምም። አፈርን የሚያቆመው ካብ ነው።

ከነገሥታቱ ይልቅ የቆየው ካብ

በአንኮበርና በአልዩ አምባ ገደሎች ላይ የሚታየው የድንጋይ እርከን በቅርብ ጊዜ የተጀመረ ሥራ አይደለም። አርጎባዎችና የአካባቢው አማሮች ከአባት ከአያት እየተቀበሉ ሲሠሩት የኖሩት ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ከማሳው የሚለቀመው ድንጋይ ተዳፋቱን አቋርጦ ይካባል። ዝናብ ሲጥል ከላይ የሚወርደው አፈር ከካቡ ጀርባ ይጠራቀማል። አፈሩ ካቡን ሲሞላው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ድንጋይ ይደረብበታል። እንዲህ እየሆነ ከዘመን ብዛት ቀጥ ብሎ የነበረው ዳገት እንደ ደረጃ የተደላደለ ማሳ ይሆናል። ትርፉ ውሃ ደግሞ ማሳውን እንዳይሰብር በፈሰስ ተመርቶ ወደ ቋጥኝ ወይም ወደ ወንዝ ይወጣል።

ይህ ሥራ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው በየዓመቱ መጠገን ነው። ሁለተኛው ጎረቤት ከጎረቤት መስማማት ነው። ከላይ ያለው ሰው ካቡን ችላ ካለ፣ የተጠራቀመው ጎርፍ ከታች ያለውን ሰው ካብ ጠርጎ ይሄዳል። ከታች ያለው ሰው የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን ብቻውን ሊያድነው አይችልም። ስለዚህ እርከን የአንድ ሰው ጉዳይ ሳይሆን የተዳፋቱ ሁሉ ጉዳይ ነው። ከነገሥታቱ ቤተ መንግሥት የቀረው የግድግዳ ፍራሽ ሲሆን፣ ገበሬው የካበው ካብ ግን የሚጠግነው ሰው ስላላጣ ዛሬም እህል ያበቅላል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በመላው ሰሜን ሸዋ በዘመቻና በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል በምትገኘው አንዲት ጥድ በተባለች ቦታም በ1970ዎቹ አጋማሽ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ የዝናቡን መጠን፣ የጎርፉን ብዛትና የሚታጠበውን አፈር መለካት ጀመረ። የቦታዋ ስም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ ደን በነበረበት አገር አንዲት ጥድ ብቻ ስትቀር ለመንደሩ መጠሪያ ሆነች።

በዘመቻ የተሠራው እርከን ግን ሁሉም አልቆየም። ገበሬዎች ያቀርቡት የነበረው ቅሬታ የታወቀ ነው። እርከኑ ከጠባቧ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፤ በሬ ለማዞር አያመችም፤ አይጥ ይራባበታል፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋም ውሃ ያስተኛል የሚል ነበር። ቅሬታው ሳይሰማ በትእዛዝ የተሠራው እርከን በ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወቅት በብዙ ቦታዎች ፈረሰ። በአንጻሩ የአንኮበር ገደል ላይ ያለው የአባቶች ካብ አልፈረሰም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ገበሬው ባልተማከረበት ልክና ቦታ የተሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለ ማሳው በሚያውቀው ልክና ቦታ፣ ለራሱ ጥቅም ብሎ የሠራው ነው።

የወፍ ዋሻ ደን

ከአንኮበር በስተሰሜን ባለው ገደል ላይ የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን በሰሜን ሸዋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። በውስጡ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ፣ ከፍ ባለው ክፍልም አስታ ይገኛሉ። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ለወጨጫ ተራራ ደን የተተከለው ችግኝ ዘሩ የተወሰደው ከዚህ ደን እንደሆነ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ጭላዳ ዝንጀሮም በዚሁ ገደል ላይ በመንጋ ሲግጥ ይታያል።

በኅዳር ወር 1969 ዓ.ም. በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ሳይንስ ከዚያ በፊት የማያውቃት አንዲት ትንሽ ወፍ ተገኘች። በ1971 ዓ.ም. በይፋ ስትመዘገብም በከተማዋ ስም ተሰየመች። ወፏ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር አትገኝም። ገደሉ፣ ሣሩና ደኑ ከጠፋ መኖሪያዋም አብሮ ይጠፋል።

ለገበሬው ግን ደኑ ከወፍም የበለጠ ነገር ነው። ደኑ ዝናቡን ቀስ ብሎ ወደ መሬት ስለሚያስገባ ምንጮቹ በበጋ አይደርቁም። ከታች ያሉት ማሳዎችና መንደሮች የሚጠጡት ያንን ውሃ ነው። ከደኑ በላይ ያለው ሰው ለማገዶ ሲቆርጥ፣ ከደኑ በታች ያለው ሰው ምንጭ ይጎድልበታል። ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚሆነውን ባሕር ዛፍ በየግሉ መትከል የተለመደው በዚህ ምክንያት የተፈጥሮ ደኑን ጫና ለማቅለል ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ በምንጭ አጠገብና በእርሻ ማሳ ዳር ከተተከለ ውሃና አፈር ስለሚሻማ ቦታውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ከአንኮበር የሚቀሰመው ትምህርት

የአንኮበር ታሪክ ለገበሬ ማኅበር መሪዎችና ለኅብረት ሥራ አመራር አባሎች የሚያስገነዝባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ገበያ በመንገድ ይመጣል፣ በመንገድም ይሄዳል። ስለዚህ መጋቢ መንገድ ሲቀየስ ማኅበሩ አስቀድሞ መጠየቅና መሳተፍ አለበት። ሁለተኛ፣ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ አሠራር ሲመጣ ድካሙን የሚሸከሙት ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች ሳይጠየቁ መወሰን የለበትም። ሦስተኛ፣ የከብት ክትባት ቀን ሲታወጅ አንድም በሬ ሳይከተብ እንዳይቀር መቆጣጠር የመሪው ሥራ ነው። አራተኛ፣ የማኅበሩ ጎተራ መጠንና አከፋፈል ለአባሎች ግልጽ ሆኖ፣ በበልግ መቅረት ጊዜ ለደጋው፣ በክረምት መጉደል ጊዜ ለቆላው ማገልገል ይገባዋል። አምስተኛ፣ ካብ የሚጠገንበት ቀን በእያንዳንዱ ተዳፋት ላይ ካሉት ባለ ማሳዎች ሁሉ ጋር በስምምነት ተወስኖ፣ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች መውረድ አለበት።

በአንኮበር ኮረብታ ላይ የጥንቱን ቤተ መንግሥት የሚመስል የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። ታሪክ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ወደ ኮረብታው አናት ይወጣል። የገጠር መሪ ግን ፊቱን ወደ ታች፣ ወደ ማሳዎቹ ቢያዞር ይበልጥ ይጠቀማል። ዘንድሮ የፈረሰው ካብ ከመጪው በልግ በፊት ካልተደረበ፣ በአያቶች ዘመን የተጠራቀመው አፈር በአንድ ዝናብ ተጠርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። የሄደ ንጉሥ፣ የሄደ ገበያና የሄደ መንገድ ሊተካ ይችል ይሆናል፤ የሄደ አፈር ግን አይመለስም።